የድሮ ላንድክሩዘር የኋላ አክስልን በግቢ ውስጥ ማደስ፦ የአምስት አማራጮች ንጽጽር

ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ያመረተውን የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘር በግቢው አቁሞ በትርፍ ጊዜው የሚያድስ ሰው፣ ሞተሩንና ቦዲውን ካስተካከለ በኋላ ብዙውን ጊዜ ግራ የሚጋባው የኋላ አክስሉ ላይ ሲደርስ ነው። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የአክስሉ መሃል፣ ያፏጫል ወይም ዘይት ያንጠባጥባል። ምክር ሲጠይቅ አንዱ መካኒክ «ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ክፍል የሚደግፈውን ቀለበት) ብቻ ቀይር» ይለዋል፤ ሌላው «ኮሮናና ፒኞኑ አልቋል፣ አዲስ አስገባ» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ምን አደከመህ፣ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ሙሉ አክስል አምጥተህ ግጠም» ይለዋል። ሦስቱም ምክሮች ለየራሳቸው ሁኔታ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩ ግን ማንም ከምክሩ በፊት አክስሉን አለመፈተሹ ነው። ይህ መመሪያ በአዳማ፣ በቤቱ ግቢ፣ ከተራ መፍቻና ክሪክ ብዙም ያልራቀ መሣሪያ ይዞ ለሚሠራ ባለቤት የተዘጋጀ ነው። የዲኤክስ ኮሮላና የድሮ ሃይሉክስ ባለቤቶችንም አብዛኛው ይመለከታቸዋል፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ጠቁሜያለሁ።

ዋጋ በብር አላስቀመጥኩም። የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የሚጻፍ ቁጥር ነገ አንባቢን ያሳስታል፤ አማራጮቹ እርስ በርስ ያላቸው የወጪ ቅደም ተከተል ግን እምብዛም አይለወጥም፤ በሠንጠረዡም የተቀመጠው እሱ ነው።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ጥያቄ አንድ ነው፦ ፒኞኑ ከቦታው መነሳት አለበት ወይስ የለበትም? ፒኞን ከሞተር የመጣውን ኃይል ተቀብሎ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ባለ ጥርስ ቀለበት የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ ነው። ሁለቱ በፋብሪካ አንድ ላይ ተፋጭተው የሚወጡ ጥንድ ናቸው፤ የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማጣመር አይቻልም። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው የሚጠጋበት ጥልቀት የሚወሰነው በቀጫጭን የማስተካከያ ቀለበቶች ሲሆን፣ ልኩ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይቆጠራል። ስለዚህ ፒኞኑ ሳይነካ የሚያልቅ ሥራ ማንኛውም ጠንቃቃ ባለቤት በግቢው ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ፒኞኑ የሚነሳበት ሥራ ግን የመለኪያ መሣሪያና ልምድ ይጠይቃል። እኔ እንደማምነው፣ በአክስል እድሳት ላይ የሚባክነው ገንዘብ አብዛኛው የሚባክነው ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ዕቃ ስለሚገዛ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የጥርስ ምጣኔ ነው። የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች በአብዛኛው በሁለት ምጣኔዎች ይገኛሉ፦ ቀደም ያሉት በ4.11፣ ማለትም 37 ጥርስ ያለው ኮሮና በ9 ጥርስ ፒኞን፣ የኋለኞቹ ደግሞ በ3.70፣ ማለትም 37 በ10። መኪናው ባለ አራት ጎማ ነጂ በመሆኑ የፊትና የኋላው ምጣኔ የግድ አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ የፊት ጎማዎቹ ኃይል ሲሰጣቸው ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ ይጎታተታሉ፤ ጉዳቱም በመሃል ያለው የኃይል ማከፋፈያ ጊርቦክስ ላይ ያርፋል። ለኮሮላ ባለቤት ይህ ስጋት የለም።

የቀሩት መመዘኛዎች በእጅ ያለው መሣሪያ፣ የዕቃው ምንጭ የታወቀ መሆኑ፣ መኪናው ቆሞ ሊቆይ የሚችልበት ጊዜ፣ እንዲሁም መኪናው ከታደሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ ናቸው። በአስፋልት ለእሁድ ሽርሽር የሚወጣ መኪናና ጭኖ የአሰላን ዳገት የሚወጣ መኪና አንድ ዓይነት እድሳት አያስፈልጋቸውም።

ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው፤ ከአማራጮቹ ውስጥ የሚመርጠው ፍተሻው ራሱ ነውና።

አስቀድሞ አንድ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ። በብዙዎቹ የ40 ተከታታይ ሞዴሎች የእጅ ፍሬኑ የተገጠመው በጎማዎቹ ላይ ሳይሆን ከኃይል ማከፋፈያው በስተኋላ ባለው ታምቡር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሳ ወይም ከኃይል ማከፋፈያው ወደ አክስሉ ኃይል የሚያደርሰው ፕሮፔለር ሻፍት ሲፈታ የእጅ ፍሬኑ መኪናውን አይዝም። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት ወይም በድንጋይ አጥብቀው ያግዱ፤ መኪናውንም በክሪክ ላይ ብቻ ትተው ሥሩ አይግቡ፣ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ያስደግፉት።

ድምፁን ይለዩ። ነዳጅ ሲረገጥ የሚጨምርና እግር ሲነሳ የሚለወጥ ፉጨት ብዙውን ጊዜ ከኮሮናና ከፒኞን ይመጣል። ነዳጅ ቢረገጥም ባይረገጥም የማይለወጥ፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ሲዞር ግን የሚበረታ ጉርምርምታ ከጎማ ኩሽኔታ ይመጣል። መኪናው ሲነሳ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ዲፈረንሻሉን ከመጠርጠር በፊት የፕሮፔለር ሻፍቱን መስቀለኛ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራውን፣ ይፈትሹ፤ ያለቀ ክሮቼራ ሳይታይ ቀርቶ ጤነኛ ዲፈረንሻል የሚከፈትበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሻካራ ጥርስ ያለው የገጠር ጎማም በአስፋልት ላይ ልክ እንደ ዲፈረንሻል ያፏጫል፤ ጎማ ተውሶ መሞከር ከማንኛውም ዕቃ ይረክሳል።

ቀጥሎ ዘይቱን ሞቅ ባለበት ወደ ንጹሕ ሳህን ያውርዱና ማግኔት ያስገቡበት። ማግኔቱ ላይ እንደ ቅባት የሚለጠፍ ደቃቅ ግራጫ ብናኝ በአሮጌ አክስል የሚጠበቅ ነው። በጣት ሲነካ የሚወጋ ስንጥር ወይም የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ ነው። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል።

ከዚያ በአክስሉ ቤት አናት ላይ ያለችውን ትንሿን የአየር መተንፈሻ ይፈልጉ። ወደ ወንጂና ወደ ሶደሬ አቅጣጫ በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ላይ ይህች መተንፈሻ በአቧራና በዘይት ጭቃ ተደፍና ደርቃ ትገኛለች። አክስሉ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይስፋፋል፤ መውጫ ሲያጣም ዘይቱን እንዳይወጣ በሚከለክሉት ቀለበቶች፣ በኦይል ሲሎቹ፣ በኩል እየገፋ ያወጣዋል። ኦይል ሲል በተደጋጋሚ ተቀይሮለት አሁንም የፍሬን ሸራው በዘይት የሚርስ መኪና ካለዎት፣ ሌላ ሲል ከመግዛትዎ በፊት ይህችን መተንፈሻ በነዳጅ አጥበው በሽቦ ይክፈቷት።

ወሳኙ ምርመራ የመጨረሻው ነው። ፕሮፔለር ሻፍቱን ከዲፈረንሻሉ በኩል ይፍቱት፤ ከመፍታትዎ በፊት ሁለቱ ፊቶች የሚገናኙበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ። አሁን የፒኞኑን ፊት በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። ጤነኛ የፒኞን ኩሽኔታ ለእጅ የሚሰማ ምንም ንቅናቄ የለውም። ሲዞር ትንሽ መላወስ ቢኖረው ያ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ስለሆነ አያስፈራም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን ኩሽኔታው አልቋል፣ ፒኞኑም መነሳቱ አይቀርም።

ምጣኔውንም እዚሁ ላይ ማወቅ ይቻላል። አንዱን የኋላ ጎማ መሬት ላይ ትተው ሌላውን ያንሱት፤ የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር እያዞሩ የፒኞኑን ዙር ይቁጠሩ። ከአራት ዙር ጥቂት ካለፈ 4.11 ነው፤ አራት ሳይሞላ ከቀረ 3.70 ነው።

አማራጭ አንድ፦ የጎማ ኩሽኔታና ኦይል ሲል ብቻ መቀየር

ፒኞኑ የማይንቀሳቀስ፣ ዘይቱ ስንጥር የሌለበት፣ ችግሩ ማንጠባጠብ ወይም የጎማ ጉርምርምታ ብቻ ከሆነ ምርጫው ይህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ መክፈት ያለውን ጤና ማደፍረስ ይሆናል። በላንድክሩዘሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አክስል ሻፍቶቹ ከመሃል በሲ ቅርጽ ቁልፎች የተያዙበት ነው። የኋላው ክዳን ይከፈታል፣ በትንንሾቹ የመሃል ጥርሶች ውስጥ የሚያልፈው ፒን ይወጣል፣ ሻፍቶቹ ወደ ውስጥ ጥቂት ይገፋሉ፣ ቁልፎቹ ይወድቃሉ፣ ሻፍቶቹም ወደ ውጭ ይሳባሉ። ፕሬስ (በከባድ ግፊት የሚገፋ ማሽን) አያስፈልግም። በኮሮላና በሃይሉክስ ግን ኩሽኔታው በሻፍቱ ላይ በግፊት የተገጠመ ነው፤ መፍታቱ በግቢ ይቻላል፣ ኩሽኔታውን ለማውጣትና ለማስገባት ግን ሻፍቱን ይዞ ፕሬስ ወዳለው ቶርኖ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በመዶሻ መምታት አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ያበላሸዋል።

ሻፍቱ ከወጣ በኋላ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲስ ሲል ብቻውን አይበቃም። ሮለሩ በቀጥታ በሻፍቱ ላይ በሚሽከረከርባቸው አክስሎች ደግሞ የሻፍቱ ገጽ የተላጠ ወይም የተቦረቦረ ከሆነ ሻፍቱ ራሱ መቀየር አለበት። የፍሬን ታምቡሩ ሲከፈት የሚገኘውን አቧራ በአየር አይንፉት፤ የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የፒኞኑ ኦይል ሲልም በዚህ አማራጭ ሊቀየር ይችላል፤ ፒኞኑን የሚያስረው ዳዶ ከመፈታቱ በፊት የዳዶውና የፒኞኑ አቀማመጥ በነጥብ ተመትቶ ምልክት ይደረግበታል፣ ሲታሰርም ወደዚያው ምልክት ይመለሳል። ከምልክቱ አሳልፎ ማጥበቅ ኩሽኔታውን ያቃጥላል።

አማራጭ ሁለት፦ የዲፈረንሻሉን ኩሽኔታዎች በሙሉ በግቢ ቀይሮ የራሱን ጥርስ ማቆየት

ይህን የምመክረው ጥርሶቹ ጤነኛ ሆነው የፒኞን ኩሽኔታው ብቻ ላለቀበት፣ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ክፍተት የሚለካ መሣሪያ) እና ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ መፍቻ) በእጁ ላለው፣ ትዕግሥትም ላለው ሰው ነው። ጥርሶቹ በሥራ ዘመናቸው የለመዱትን ግንኙነት ይዘው መቀጠላቸው ትልቅ ጥቅም ነው፤ የድሮውን ማስተካከያ ቀለበት ለክቶ እንደነበረ መመለስ ብዙውን ጊዜ ወደ ትክክለኛው ልክ ያቀርባል። ነገር ግን አዲስ ኩሽኔታ ከአሮጌው በውፍረት ጥቂት ሊለይ ስለሚችል መለካት አይቀርም።

በኮሮናና በፒኞን መካከል የሚፈለገው ክፍተት ለዚህ ዲፈረንሻል ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በእጅ ስሜት መገመት አይቻልም። የጥርሶቹ ንክኪ ደግሞ በቀለም ይታያል፦ በኮሮናው ጥቂት ጥርሶች ላይ ወፍራም ቀለም ተቀብቶ በእጅ እየታገደ ሲዞር፣ ፒኞኑ የነካው ቦታ ቀለሙን ገፍቶ ቅርጹን ይተዋል። ቅርጹ ከጥርሱ አናትም ከሥሩም ርቆ መሃል ላይ ሲያርፍ ጥልቀቱ ትክክል ነው። ወደ አናቱ ከተጠጋ ፒኞኑ ርቋል፤ ወደ ሥሩ ከወረደ በጣም ቀርቧል። የፒኞኑ ኩሽኔታ ቅድመ ጥብቀትም፣ ማለትም ሲገጠም የሚሰጠው የመነሻ ጥብቀት፣ ይለካል፤ ላገለገለ ኩሽኔታ የሚሰጠው ለአዲስ ከሚሰጠው ግማሽ ገደማ ነው። ሲጠብቅ የሚጨማደድ ቀለበት ያለባቸው ዲፈረንሻሎች ላይ ያ ቀለበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ከልኩ አልፎ ከጠበቀ ዳዶውን መልሶ ማላላት አያድነውም፣ አዲስ ቀለበት ያስፈልጋል።

የኮሮናውን ኩሽኔታዎች የሚይዙት ሁለት ቆቦች ሲፈቱ ግራና ቀኛቸው፣ ላይና ታቻቸው ምልክት ይደረግባቸው፤ ከቤታቸው ጋር አብረው የተሞረዱ ስለሆኑ አይቀያየሩም። አዳማ ደግሞ ነፋሷ ለኃይል ማመንጫ የተመረጠች ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አቧራ መካከል በዛፍ ጥላ ሥር የተከፈተ ኩሽኔታ ከመገጠሙ በፊት አሸዋ ይጠጣል። ዝግ ክፍል ከሌለ ማለዳ ላይ ይሥሩ፤ የተፈታውንም ንጹሕ ጨርቅ አልብሱት።

አማራጭ ሦስት፦ አዲስ ኮሮናና ፒኞን

ጥርሱ የተሸረፈ፣ የተላጠ ወይም በሙቀት ወደ ሰማያዊ ቀለም የተለወጠ ከሆነ ኩሽኔታ መቀየር ዋጋ የለውም፤ አዲስ ጥንድ ይገባል። ከአምስቱ ሁሉ የበለጠ መለኪያ የሚፈልገው ይህ ነው፤ የድሮው ማስተካከያ ቀለበት ለአዲሱ ጥንድ መነሻ እንጂ መልስ አይሆንም። ያለ ልምድ ግቢ ውስጥ እንዲጀመር አልመክርም።

አንዳንድ ባለቤቶች በዚህ አጋጣሚ ከ4.11 ወደ 3.70 መለወጥ ይፈልጋሉ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ፈጣን መንገድ ላይ ሞተሩ ቀለል ብሎ ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ይቀንሳል፣ የፊት አክስሉም አብሮ መቀየር አለበት። የፍጥነት ቆጣሪውም ከዲፈረንሻሉ በፊት ስለሚለካ ካልተስተካከለ በስተቀር ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል፦ 80 ሲያሳይ መኪናው 89 ገደማ ይሄዳል።

አማራጭ አራት፦ መሃሉን አውጥቶ ለባለሙያ መስጠት

የላንድክሩዘሩ፣ የኮሮላውና የሃይሉክሱ አክስል የሚጋሩት መልካም ነገር ጥርሶቹን የያዘው መሃል ከፊት በኩል ሙሉውን ተፈትቶ መውጣቱ ነው። አሜሪካውያን የድሮ መኪና አዳሾች እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን የፎርድ ዘጠኝ ኢንች አክስል እስከ ዛሬ ከሚወዱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ ከባዱ ማስተካከያ መኪናው ሥር ተንጋልሎ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ባለቤቱ ሻፍቶቹን ይፈታል፣ መሃሉን ያወጣል፣ ቤቱን ያጥባል፣ የጎማ ኩሽኔታና ሲል ራሱ ይቀይራል፤ ዳያል ጌጅ የሚፈልገውን ብቻ ለባለሙያ ይሰጣል። መሃሉ ከባድ ስለሆነ ሲወጣ ሁለተኛ ሰው ወይም ክሪክ ይደግፈው።

ፒኞኑ መነሳት ላለበት ለአብዛኛው ሰው ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። ባለሙያውን ሲመርጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ክፍተቱን በምን ትለካለህ?» መሣሪያውን አውጥቶ የሚያሳይዎትን ይምረጡ፤ ሲረከቡም የቀለሙን ንክኪ በዓይንዎ ይዩ።

አማራጭ አምስት፦ ያገለገለ ሙሉ አክስል

ፈጣን ነው፤ የአክስሉ ቤት ለተጣመመ ወይም ለተሰነጠቀ መኪናም አንዳንዴ ብቸኛው መንገድ ነው። አደጋው የሚገዙትን አለማወቅዎ ነው፤ የሌላ ሰው ያለቀ አክስል የመግዛት ዕድል አለ። ሻጩ ዘይቱን እንዲያወርድ ይጠይቁ፣ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፣ የፒኞኑን ንቅናቄ በእጅዎ ይሞክሩ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ጥርሶቹን ቆጥረው ምጣኔውን ያረጋግጡ። ዘይቱ አስቀድሞ ወርዶ ውስጡ ታጥቦ የቀረበን አክስል በጥርጣሬ ይመልከቱት፤ ማስረጃው አብሮ ታጥቧል። የባሌስትራው መቀመጫ ስፋትና የፍሬኑ ዓይነትም ከመኪናዎ ጋር ይመሳከር።

ንጽጽሩ በአጭሩ

| አማራጭ | ፒኞን ይነሳል? | ወሳኝ መሣሪያ | ወጪ | መኪናው የሚቆምበት ጊዜ | ዋና ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. የጎማ ኩሽኔታና ሲል | የለም | ተራ መፍቻ፤ ለኮሮላና ለሃይሉክስ ፕሬስ | ዝቅተኛ | አጭር | ያለቀ ሻፍት ሳይታይ መቅረቱ |
| 2. ሙሉ ኩሽኔታ በግቢ | አዎ | ዳያል ጌጅ፣ ቶርክ ሬንች፣ ፑለር (ኩሽኔታ መሳቢያ) | መካከለኛ | ረጅም | የተሳሳተ ጥልቀትና ጥብቀት |
| 3. አዲስ ኮሮናና ፒኞን | አዎ | የአማራጭ 2 ሁሉ፣ ከልምድ ጋር | ከፍተኛ | ረጅም | ፉጨት፣ ከፊት አክስል ጋር አለመግባባት |
| 4. መሃሉን ለባለሙያ | አዎ፣ በባለሙያ እጅ | ተራ መፍቻ፣ ክሪክ፣ ረዳት | መካከለኛ | መካከለኛ | መለኪያ የሌለው ባለሙያ |
| 5. ያገለገለ ሙሉ አክስል | የለም | ክሪክ፣ መቆሚያ፣ ረዳቶች | እንደ ዕቃው ይለያያል | አጭር | ያልታወቀ ጤና፣ የተለየ ምጣኔ |

እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በጀቱ ጠባብ ሆኖ ፒኞኑ ጤነኛ ለሆነለት ሰው አማራጭ አንድ ከመተንፈሻው ጽዳትና ከአዲስ ዘይት ጋር ሙሉ መልስ ነው። ትንሽ ፉጨት ቢቀርም፣ ዘይቱ ንጹሕና ንክኪው የተስተካከለ ከሆነ አብሮት መኖር ይቻላል።

መኪናው የቤተሰብ እንጀራ የሚያመጣ ከሆነ፣ ማለትም ከአዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ጭኖ የሚወጣ ወይም በመተሃራ ሙቀት የሚመላለስ ከሆነ፣ የፒኞን ኩሽኔታ ጥርጣሬ ካለ በአማራጭ አራት ይሂዱ፤ ያገለገለ አክስል መግዛት ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ዕድልን መሞከር ነው። መኪናውን እንደ ቅርስ ለሚያድስና የራሱን ኦሪጅናል አክስል ማቆየት ለሚፈልግ፣ ጊዜም መሣሪያም ካለው አማራጭ ሁለት ያረካዋል። ጥርሱ ለተሰበረበት ደግሞ፣ ጤናው በዓይን የተረጋገጠ ያገለገለ መሃል ብቻውን ከተገኘና ምጣኔው ከገጠመ፣ ከአዲስ ጥንድ በፊት እሱን እንዲያይ እመክራለሁ፤ የፋብሪካ ማስተካከያው ሳይነካ ይገባልና።

የትኛውም ቢመረጥ ዘይቱ ጂኤል-5 የሚል ደረጃ ያለው ባለ 90 ወይም 80ደብልዩ-90 የዲፈረንሻል ዘይት ይሁን፤ ፒኞኑ ከኮሮናው መሃል ዝቅ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ ጥርሶቹ እየተፋተጉ ይንሸራተታሉ፣ ጂኤል-4 ብቻ የሚል ዘይት ያንን ጫና አይችልም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪታይ ይሞላ። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ከገባ የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ያለ ጭነት፣ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሙሉ በሙሉ በማቀዝቀዝ ይደረጉ፤ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላም ዘይቱ ወርዶ በማግኔት ይፈተሽና በአዲስ ይተካ።